ትናንትን መልቀም

...ንጹህ እንደሆነማ አውቃለሁ፣ ፓኬቱ ላይ በትልቁ ተጽፎበታል፣ የተበጠረ፣ የተለቀመ፣ ማጠብ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ጠጠር የለው ገለባ የለው፣ ግን ጣቴን ምን ላድርጋት፣ ትሪው ጭኔ ላይ ገና ከማረፉ ተነስታ አንዷን ፍሬ ወደ ግራ ታሳልፋለች፣ ሌላዋን ወደ ግራ፣ ሌላዋን፣ ፀሐይዋ በረንዳው ላይ ገብታ እግሬ ሥር ተኝታለች፣ ዓርብ ነው፣ ከተማችን ጣንጣ ገና እያዛጋች ነው፣ ከታች ፉል ሻጩ ብቻ ጋሪውን እየገፋ ይጮኻል፣ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው በጠዋት እንዲህ ደስ ሊለው አይገባም ይሆናል፣ ደስ ብሎኛል፣ ምን ይደረግ፣ ደስ ብሎኛል።

ትናንት። ትናንት ምን ነበር። ትናንት ለልጄ ለኢብቲሳም በስልክ ቁርስ በልቻለሁ አልኳት፣ አልበላሁም፣ ይቺ ጠጠር ናት፣ ወደ ውጭ። ትናንት ቅጠል ሻጯ መብሩካ፣ ሃጂ ሸሃታ፣ ይሄ ሁሉ የሙሉኺያ ቅጠል ለማን ነው፣ አገቡ እንዴ ስትለኝ ሳቄ አምልጦኝ ጎረምሳ መሰልኩ፣ ይቺ ፍሬ ናት፣ ትግባ። ትናንት ፀጉር አስተካካዩ ጋ ወረፋዬን የሚያለቅስ ሕፃን ለያዘ አባት ለቀቅኩለት፣ ትግባ፣ ግን ከለቀቅኩ በኋላ ሰው አይቶኝ ይሆን ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ፣ እሷስ፣ እሷ ግማሽ ጠጠር ናት፣ ግማሽ ጠጠር ምን ይደረጋል እንሺራሕ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያት ነበር።

ትስቂ ነበር፣ ሌላ ምን። ሚስቴ ጠዋት ጠዋት እዚሁ ወንበር ላይ፣ ይሄንኑ ትሪ ይዛ ሩዝ ስትለቅም ትናንትን ትለቅም ነበር፣ ድምፅ አውጥታ፣ ለራሷ፣ ትናንት ጎረቤቴን የሂልሚን እናት አስቀየምኳት፣ ውጪ፣ ትናንት ሸሃታ ከባቡር ሲወርድ ብርቱካን ይዞልኝ መጣ፣ ግቢ፣ እኔ ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ባቡር ጣቢያው ስወጣ እሰማታለሁ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ሩዙ ሳይሆን እኛ ነን የተለቀምነው እላታለሁ። ከዚያ ወፍጮ ቤቶቹ ንጹህ ሩዝ በፓኬት መሸጥ ጀመሩ፣ ወርቅ እንደገዛ ሰው ደረቴን ነፍቼ ይዤላት ገባሁ፣ በቃ አረፍሽ አልኳት፣ ተቀበለችኝ፣ ቀደደችው፣ ትሪው ላይ ዘረገፈችው፣ ቁጭ ብላ መልቀም። እንሺራሕ፣ ይሄ እኮ ጠጠር የለውም። አንተ ሰውዬ፣ እኔ መቼ ሩዝ ለቀምኩ፣ ትናንትን ነው የምለቅመው፣ ትናንትን አበጥሮ የሚሸጥ ወፍጮ ካገኘህ ግዛልኝ።

አላገኘሁም። አምና እሷን ከቀበርን በኋላ ትሪውን እኔ ወረስኩ፣ መጀመሪያ ያነሳሁት ጠረኗ ቢኖርበት ብዬ ነው፣ የለበትም፣ ቆርቆሮ ምን ጠረን ይይዛል፣ ግን ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ጣቴ ተነሳች፣ አፌም ትናንት አለ፣ ይኸው ነው።

ችግሩ ኢብቲሳም ማየቷ ነው። ትልቋ ልጄ፣ ካይሮ ፋርማሲ ያላት፣ ፈገግታ የሚል ስም አውጥተንላት ፈገግ ማለት የምትረሳዋ። ባለፈው ዓርብ ከእህቷ ጋር ሳታንኳኳ ገባች፣ ቁልፍ አላት፣ እኔ በረንዳ ላይ ለብቻዬ እያወራሁ። አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው። ሩዝ እየለቀምኩ። ይሄ እኮ የተለቀመ ነው። አውቃለሁ። ታዲያ ከውስጡ ምን ታወጣለህ። ትናንትን። ምነው ምላሴን ቆረጥ ባደረገው፣ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ታናሿን ራውያን ጎትታ ኩሽና ገባች፣ ኩሽናችን ደግሞ ምስጢር አይቋጥርም፣ ሁሉን ሰማሁ፣ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ፣ ከራስ ጋር መነጋገር፣ የመርሳት በሽታ መጀመሪያው እንዲህ ነው አለች፣ በሐኪም ቋንቋ። ራውያ ደግሞ፣ ኧረ ተይ እባክሽ፣ እማዬም እኮ እንዲሁ ነበረች። እማዬ ሌላ ናት፣ እማዬ ቤት ትይዝ ነበር፣ አባዬ እንቁላል መጥበስ አይችልም፣ እኔ ጋ ይመጣል፣ ክፍሉ ተዘጋጅቷል። ክፍሉን አውቀዋለሁ፣ ደህና ክፍል ነው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ አልጋው ለስላሳ ነው፣ በረንዳ የለውም፣ መስኮቱ የሌላ ሕንፃ ጀርባ ነው የሚያሳየው፣ ብታስነጥስ ይማርህ የሚል ጎረቤት የለም።

ደሜ ፈላ። ኩሽና ገባሁና፣ ስሙ፣ የሚመጣው ዓርብ ምሳ እኔ ነኝ የምሠራው አልኩ፣ ሙሉኺያ በጥንቸል፣ ልክ እንደ እናታችሁ፣ ከቀናኝ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም። ራውያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኢብቲሳም፣ ከሰመጠስ፣ አለች። ከሰመጠማ ሻንጣ ይዘሽ ነይ። እሺ፣ ሻንጣ ይዤ እመጣለሁ። ታደርገዋለች፣ ቃሏን ትጠብቃለች፣ በዚህ እናቷን ነው የመሰለችው። ሙሉኺያ ሰመጠ ማለት የተከተፈው ቅጠል ወደ ድስቱ ታች ወርዶ ውሃው ከላይ ብቻውን ቀረ ማለት ነው፣ በሠፈራችን ከዚህ የባሰ ውርደት የለም፣ በዚህ የተነሳ ወደ እናቷ ቤት የተመለሰች ሙሽራ አለች ይባላል፣ እኔ ደግሞ የምመለስበት የእናት ቤት የለኝም።

በቃ ሸሃታ፣ ተነስ። ሩዙ ተለቀመ። አንድ እፍኝ ለነገ ትሪው ላይ ይቅር፣ እሷም ታስቀር ነበር፣ ትሪ ባዶውን አያድርም እያለች።

ኩሽና። ክቡራን መንገደኞች፣ የጥንቸሉ መረቅ ከመድረክ ቁጥር አንድ ይነሳል። ይፈላል፣ ሽንኩርቱ ከነልጣጩ ገብቷል፣ ሔሉ ገብቷል፣ አረፋውን ገፍፌያለሁ፣ የሂልሚ እናት እንዳስተማረችኝ። የሂልሚ እናት ማለት የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ ናት፣ በሕንፃው መሐል ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጠባብ የአየር መግቢያ አለ፣ የኩሽናዎቻችን መስኮቶች በእሱ ላይ ይተያያሉ፣ እጅ ብትዘረጋ ጨው ትቀባበላለህ፣ ከእንሺራሕ ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ መስኮት ሲጣሉና ሲታረቁ ኖሩ፣ ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ እኔን ስታስተምር፣ ማለት ስትሰድብ፣ ሰነበተች። ሃጂ፣ ቅጠሉን ነው እንጂ አገዳውን ማን ብላ አለዎት። ሃጂ፣ ይሄ የተከተፈ ነው ወይስ የፍየል ቀለብ፣ ያድቅቁት እንጂ። ሃጂ፣ ቅጠሉ ከገባ በኋላ አንዴ ብልጭ ካለ ያውርዱት፣ ከፈላ አለቀልዎት።

ቅጠሉን ትናንት አጥቤ በአልጋው ላይ ነጭ አንሶላ ዘርግቼ አሰጣሁት፣ ሌላ ሰፊ ቦታ የለማ፣ በእሷ በኩል፣ ሌሊቱን አረንጓዴው ሽታ አጠገቤ ተኝቶ አደረ፣ በደንብ ተኛሁ፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ በደንብ ተኛሁ። አሁን ጨረቃ የመሰለችውን ባለ ሁለት እጀታ ቢላ ይዤ ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ፣ ለካ የባቡር ድምፅ አላት፣ ቀስ ብላ ትነሳለች፣ ትፈጥናለች፣ ክንዴ ዛለ፣ አረንጓዴው እየላመ እየተያያዘ መጣ፣ ያምራል፣ ማን ነበር እንቁላል አይጠብስም ያለው።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ሲቃው።

እዚህ ላይ ነው ጉዴ። ነጭ ሽንኩርቱ ከድንብላሉ ጋር ተወቅጦ በንጥር ቅቤ ይቁላላና ወርቅ ሲመስል በአንድ ጊዜ ድስቱ ላይ ይገለበጣል፣ ጭስስ ይላል፣ በዚያችው ቅጽበት የገለበጠችው ሴት ትንፋሿን በአንዴ ወደ ውስጥ ትስባለች፣ ህህህ፣ ደንግጣ እንደቀረች ሰው፣ ከዚያ ክዳኑን ድፍን። ያለ ሲቃ ሙሉኺያ ይሰምጣል። ለምን ቢሉ ማንም አያውቅም፣ የአንድ ንጉሥ ወጥ ሠሪ ናት ደንግጣ የጀመረችው ይላሉ፣ ኢብቲሳም ደግሞ ነገሩ የሙቀት መጠን ነው ትላለች፣ ይሁን፣ ግን ልጅ ሆና የእናቷን ሲቃ ስትሰማ ማንኪያ ይዛ የምትሮጠው ማን ነበረች፣ እሷው። የእንሺራሕን ሲቃ ሳሎን ሆኜ እሰማው ነበር፣ በአየር መግቢያው ያደሩ እርግቦች ይበርራሉ፣ የሂልሚ እናት ከማዶ በረካ ይሁን ትላለች፣ እኔ ጋዜጣዬን አጥፌ እጄን ልታጠብ እነሳለሁ። አንድ ቀን፣ እንሺራሕ፣ እንዲህ ስትይ እኮ ሰው የሞተብሽ ነው የሚመስለው አልኳት። ወይም ሰው የመጣልኝ፣ አለችኝ፣ ሲቃ ለሐዘንም ለደስታም አንድ ነው፣ ድስቱ አይለይም።

እኔ ወንድ ነኝ። ወንድ ልጅ ድስት ላይ ቆሞ ህህህ ይላል እንዴ። ደግሞ ዕድሜ ልኬን ፊሽካ ስነፋ የኖርኩ ነኝ፣ ትንፋሽ ማውጣት እንጂ ማስገባት ማን አስተማረኝ። ልሞክር፣ ማንም የለም፣ ህክ። ይሄ ስቅታ ነው። እንደገና፣ ሂኣ። ይሄ አህያ ነው። መስኮቱ ማዶ አንድ ነገር ወደቀ፣ የሂልሚ እናት ጭንቅላቷ ብቅ፣ ሃጂ፣ ምን ነካዎት፣ አጥንት ዋጡ እንዴ። ሲቃውን እየተለማመድኩ ነው፣ አትሳቂ። አልሳቅኩም፣ ትላለች፣ መስኮቱን ይዛ እየተንፈራፈረች። ከሆድዎ አይደለም፣ ከደረትዎ ነው፣ ይደንግጡ እንጂ። ዝም ብሎ እንዴት ይደነገጣል። ባቡሩ ጥሎዎት ሲሄድ ያስቡ። እኔ ፊሽካ ሳልነፋ ባቡሩ የት ይሄዳል። እሺ፣ አማትዎ በበር ስትገባ ያስቡ። አማቴ ነፍሷን ይማርና በበር አትገባም ነበር፣ በሩን ገንጥላ ነበር የምትገባው። ሁለታችንም ሳቅን፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ፣ ሳቁ ሲያበቃ ግን ልቤ ጥግ ላይ ፍርሃቷ ቁጭ ብላለች፣ ልጆቹ ሊደርሱ ነው፣ ሻንጣው ሊደርስ ነው፣ እኔም ይሄን መስኮት ጥዬ ልሄድ ነው።

ሃጂ፣ ትላለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ልሳብልዎት፣ እርስዎ ይገልብጡ፣ ማንም አያውቅም። ማንም አያውቅም፣ እውነቷን ነው፣ የሚሰማው ሲቃ ነው፣ የማን እንደሆነ በምን ይለያል፣ እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ነገ ጠዋት ታየኝ፣ ትሪው፣ ጣቴ፣ ትናንት የሰው ሲቃ ሰረቅኩ፣ ይቺን ወዴት ነው የማስገባት። ተይ፣ የሂልሚ እናት፣ የገለበጠ ነው የሚስበው። እንዳሉ፣ ወንድ ይሁኑ እንግዲህ፣ ማለቴ ሴት ይሁኑ፣ ብላ እንደገና ሳቋን ለቀቀችው።

ጁምዓ ሰግጄ ተመለስኩ፣ እንደቆምኩ፣ ሽርጡን አሰርኩ። መረቁ ተጠለለ፣ ቅጠሉ ገባ፣ አማሰልኩ፣ ብልጭ አለ፣ አወረድኩ፣ እስካሁን ተንሳፏል፣ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። ቅቤው ጋለ። ነጭ ሽንኩርቱ ገባ፣ ድንብላሉ ገባ፣ ነጭ ነው፣ ገና ነው፣ ገና ነው፣ በታች የሕንፃው በር ተከፈተ፣ የራውያ ሳቅ፣ ያቺ ልጅ ደረጃ ስትወጣም ትስቃለች፣ ከኋላዋ ሌላ ድምፅ፣ ቷ፣ ቷ፣ ቷ፣ የሻንጣ ጎማ በየደረጃው እየተመታ፣ ባዶ ሻንጣ ነው፣ ባዶ ሻንጣ ነው እንዲህ የሚጮኸው፣ አመጣችው፣ ቃሏን ጠበቀች፣ ቢጫ ሆነ፣ ሁለተኛው ፎቅ ደረሱ፣ ወርቅ ሊሆን ነው፣ አንዴ ብዘገይ ያርርና ይመርራል፣ ልጠብቃቸው፣ አይጠበቅም፣ ደረቴ ደረቀ፣ ቷ፣ ቷ፣ ወርቅ፣ አሁን፣ ሸሃታ አሁን፣

ገለበጥኩ።

ጭስስስ፣ እና ያ ሽታ፣ ነጭ ሽንኩርት አይደለም፣ ድንብላል አይደለም፣ የዓርብ ሽታ ነው፣ የሁሉም ዓርብ፣ እሷ ኩሽና ውስጥ ናት፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ክንዷ ላይ ዱቄት፣ ልትዞር ነው፣ ልትዞርልኝ ነው፣ እና ደረቴ ሳላዘው፣ እኔ ሳልኖርበት፣ ተከፈተ፣ ህህህህ፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ፣ ሲቃው እስከ እግሬ ጥፍር ወረደ፣ እንሺራሕ፣ ስምሽ ራሱ የደረት መከፈት ማለት አልነበር፣ እርግቦቹ ብርር፣ ክዳን፣ ክዳኑ የታለ፣ ድፍን።

ደረጃው ላይ አንድ ነገር ተንከባለለ፣ ሻንጣው፣ ቷቷቷቷ ወደ ታች፣ ማንም አልያዘውም። ቁልፍ በሩ ላይ ቀዳዳውን ሲስት፣ ሲስት፣ ገባች፣ ኢብቲሳም፣ ፀጉሯ ከሻርፗ አምልጦ፣ ኩሽናው በር ላይ ቆማ የምትፈልገው እኔን አይደለም፣ ዓይኗ ከኋላዬ ነው። ማነው፣ አለች፣ ድምጿ የሕፃን ነው፣ አሁን ማነው የሳበው። አፈርኩ፣ በሽርጥ የቆመ ሽማግሌ፣ የሂልሚ እናት ናት አልኳት። ከማዶ መስኮቱ ተበረገደ፣ ኧረ ውሸት ነው፣ እኔ የለሁበትም፣ ራሳቸው ናቸው፣ የሳቡት ሃጂ ናቸው፣ እልልልል፣ እልልታዋ የአየር መግቢያውን ሞልቶ እስከ ምድር ቤት ወረደ፣ ከየፎቁ ምንድነው ምንድነው ይላሉ፣ ሙሉኺያ ነው፣ ትላለች፣ የሃጂ ሸሃታ ሙሉኺያ ነው።

ኢብቲሳም ማንኪያ አነሳች። ዳቦ አልጠበቀች ሳህን አልጠበቀች፣ ክዳኑን ከፍታ ማንኪያውን ሰደደች፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልሰመጠም፣ አለች። ከዚያ ሁለተኛ ማንኪያ። ከዚያ ጀርባዋን አዞረች፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም፣ ሲቃ አንድ ነው፣ ድስቱም አይለይ።

በላን። ራውያ ሦስተኛ ሳህን ላይ ሆና፣ አባዬ፣ ምግብ ቤት ክፈት፣ እኔ ገንዘብ ተቀባይ፣ ኢብቲሳም ሻንጣ ተሸካሚ ትላለች፣ ሻንጣው ከታች ተመልሶ በር ሥር ቆሟል፣ አንድ ጎማው ወልቋል፣ የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፣ እንዲያ ነው ያደግነው፣ ተነስቼ የንጥር ቅቤ ቆርቆሮ ከተትኩበት፣ የሎሚ ጭማቂ ጠርሙስ፣ የደረቀ ድንብላል፣ የተረፈውን ሙሉኺያ በድስቱ፣ ኢብቲሳም ታየኛለች፣ ያዘጋጀሁልህ ክፍል ለኔ አይሆንም ማለትህ ነው፣ አለች ቀስ ብላ። ለሙሉኺያው ይሆናል አልኳት። ሳህኗን በዳቦ ጠርጋ እስኪያበራ ድረስ በላችና ተነሳች።

አሁን የት ሄደች። ራውያ ሳህን እያጠበች ከሂልሚ እናት ጋር በመስኮቱ እየተቀላለደች ነው፣ ስለኔ ነው፣ አህያ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ይበሉ፣ እኔ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዤ ሳሎኑን አቋርጣለሁ፣ ፀሐይዋ ወደ በረንዳው ሌላ ጫፍ ሄዳለች፣ ኢብቲሳም እዚያ ናት፣ በእናቷ ወንበር፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ትሪው ጭኗ ላይ፣ ለነገ ያስቀረኋት እፍኝ ሩዝ መሐሉ ላይ። አባዬ። ወይ። ይሄ እኮ ንጹህ ነው። ነው። ምንም የለበትም። ምንም የለበትም ልጄ። ሻዩን አጠገቧ አስቀመጥኩ፣ ልሄድ ነው፣ እየሄድኩ ነው፣ እግሬ ግን በሩ ላይ ቆሟል፣ ጣቷን አያታለሁ፣ መድኃኒት የምትቆጥርበት ጣት፣ ተነሳች፣ አንዷን ፍሬ ወደ ግራ፣ ሌላዋን ወደ ግራ፣ ትናንት፣ አለች፣ ለራሷ ነው፣ ለእኔ አይደለም፣ ትናንት ከቁምሳጥን ላይ ባዶውን ሻንጣ ሳወርድ አለቀስኩ፣ ጣቷ ቆመች፣ ቀና አለች፣ አባዬ፣ ይቺስ ጠጠር ናት ፍሬ።

ትግባ፣ ልጄ። ትግባ።